የተራራው ፀጉር

የልጄ ፀጉር የልጄ አልነበረም። የእኔም፣ የአባቱም አልነበረም። የተራራ ነበር።

ይህን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ልጄ ጊዜው ሳይደርስ ሮተርዳም ውስጥ ተወለደ፤ ጭብጥ የምታክል፣ ድምፅዋ የማይሰማ ነፍስ። ወዲያው ከእጄ ወስደው ኩቨዝ የሚሉት የመስታወት ሣጥን ውስጥ አስገቡት። እኔ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋሁ ሄጄ ከውጭ አየው ነበር። ነርሶቹ በጣም ደጎች ነበሩ፤ ደግነታቸው ነው ያስፈራኝ። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሥራዬ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ሲሞቱም ዓይናቸውን መክደን ነው። ሰው ሊሞት ሲል እኔም እንደዚያው ደግ እሆናለሁ።

ከሣጥኑ በአንዱ በኩል እኔ፣ በሌላው በኩል አማቴ ቆመናል። አማቴ የዘ ሄግ ሰው ናቸው። የባሌ ቤተሰቦች ከሱሪናም የመጡ ህንዶች ናቸው፤ ቅድመ አያቶቻቸው ሸንኮራ ሊቆርጡ በመርከብ ተጭነው ከህንድ ሱሪናም ሄዱ፣ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ከሱሪናም ኔዘርላንድ መጡ። ህንድን በዓይኑ ያየ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። ይሁን እንጂ በአማቴ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ፣ ነብር ላይ የተቀመጠች የአምላካቸው ሥዕል ተሰቅሏል። እናት ነው የሚሏት። ቤቷ ህንድ ውስጥ፣ ተራራ ላይ ያለ ዋሻ ነው። ያን ቀን አማቴ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው በቋንቋቸው ተሳሉ። ባሌ በኋላ ሲነግረኝ፣ “ይህ ልጅ ከተረፈልኝ የመጀመሪያ ፀጉሩን ምላጭ ሳይነካው ተራራሽ ላይ አመጣልሻለሁ፤ በእግሬ ወጥቼ” ነው ያሉት።

እኔስ ዝም አልኩ? አላልኩም። እዚያው መስታወት ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ ለማርያም ጃንጥላ ተሳልኩ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ። ልጄ ለሁለት ቤት ተስሎለት ተረፈ። ማን እንዳተረፈው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሐኪሞቹ ደግሞ እኛ ነን ይላሉ።

የእኔ ስለት ቀላል ነበር። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ገዝታ በማርያም ቀን ይዛ ሄደች፤ እልል ተባለ፣ አለቀ። የአማቴ ስለት ግን ልጁ ራስ ላይ እየበቀለ ነበር።

አበቃቀሉም ጉድ ነው። ውፍረቱን ከእኔ፣ ርዝመቱን ከአባቱ ወስዶ እየተጠቀለለ ትከሻው ላይ ወረደ። የምንኖረው ከሮተርዳም ጎን፣ ካፔለ አን ደን አይሰል ነው። ሜትሮ ውስጥ ስንገባ አሮጊቶቹ “እንዴት ያለች ቆንጆ ልጅ!” ይላሉ። ወንድ ነው እያሉ ማረም ሲሰለቸኝ ተውኩት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ሳበጥረው እሱ ይጮሃል፣ እኔም እጮሃለሁ። ባሌ ሰላም የሚወድ ሰው ነው፤ ሰላም የሚወድ ሰው ሁልጊዜ የሚያስችለው ሌላውን ነው። “ለእማዬ ስትይ ቻይው” ይለኛል።

እኔና አማቴ እሳትና ጭድ ነበርን ብል ውሸት ይሆናል። እሳትና ጭድ እንኳን ይገናኛሉ። የእኛ ቅያሜ የተጀመረው በሰርጋችን ቀን ነው። በእነሱ ልማድ ሙሽራ ጎንበስ ብላ የአማቷን እግር በእጇ ትነካና እጇን ወደ ግንባሯ ትወስዳለች። ይህን ባሌ ነግሮኝ ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው ከቦ ሲያየኝ ደነገጥኩና ያደግሁበት መጣብኝ፤ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። በእኛ ዘንድ ከዚህ በላይ ክብር የለም። እሳቸው ግን የሰው ከንፈር ልብሳቸውን ሲነካ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ እግራቸውንም አልነካሁ፣ ጉልበታቸውንም አልሳምኩ፤ በእጅ ብቻ ሰላም እንባባላለን።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘ ሄግ እንሄዳለን። አማቴ በር ከፍተው ልጁን ሳይስሙ መጀመሪያ ፀጉሩን ይዳብሳሉ። መቀስ እንዳልነካው ሲያረጋግጡ ነው የሚስሙት። ልጁ አጂ ይላቸዋል፤ በቋንቋቸው የአባት እናት ማለት ነው። እኔን እንደ ሌባ የሚፈትሹኝ ይመስለኝና እዚያው በር ላይ እቃጠላለሁ።

ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ በመስከረም፣ ሁላችንም ወደ ተራራው እንድንሄድ ተወሰነ። አማቴ ስኳር ነበረባቸው እንጂ ያኔ ብርቱ ነበሩ፤ ሁለት ከረጢት ሩዝ ይዘው ደረጃ ይወጣሉ። ለልምምድ ብለው ባሕር ዳር ያለው የአሸዋ ኮረብታ ላይ ይወጡና ይወርዱ ነበር። ሌላ ተራራ ከየት ይመጣል፣ ሆላንድ እኮ ነው።

እናቴ ልትጠይቀን የመጣችው በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። እናቴ ህንድን የምታውቀው በሲኒማና ሒሳብ ባስተማራት ህንዳዊ መምህር ነው። አማቴን ስታያቸው መምህሯ የገባ ይመስል ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ የለም። ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በየተራ ልጁን ያቅፋሉ። እናቴ የልጁን ፀጉር ስታይ ፊቷን አጨፈገገች። ማታ፣ “ወንድ ልጅ እንዲህ ይደረጋል?” አለችኝ። “ስለት ነው፣ አይነካም” አልኳት። የማን ስለት እንደሆነ አልጠየቀችም፤ እኔም የተራራውን ነገር አላነሳሁም። ነብር ላይ ስለተቀመጠች አምላክ ለእናቴ ማስረዳት የሚችል አፍ የለኝም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ልጄ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። ራሱ ያብረቀርቃል። ከፊት ለፊት አንዲት ቁንጮ ብቻ ቀርታለች። እናቴ ምላጯን እያጠበች ፈገግ አለች።

“ይኸው፣ ወንድ ሆነ” አለችኝ። “ቅማል ገብቶበታል እኮ፤ ራሱን ሲያክ ነው የዋለው።”

እርግጥ ነው፤ የሚውልበት የሕፃናት ማቆያ በር ላይ ቅማል እንደገባ ማስታወቂያ ተለጥፎ አይቻለሁ። እኔ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

“ስለት አለበት አላልኩሽም?”

“ስለቱማ ደርሷል!” አለች፣ እኔ ያበድኩ መስሏት። “ጃንጥላውን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?”

የምታውቀው አንድ ስለት ነው፤ እሱም በእሷ እጅ ገብቷል። ምን ልበላት? የሁለተኛውን ስለት ያን ጊዜ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፀጉሩን የት እንዳደረገችው ስጠይቃት፣ “ፀጉር ሜዳ ላይ ይጣላል እንዴ? ቀብሬዋለሁ” አለችና ወደ በረንዳው አመለከተች። በረንዳው ላይ ጤና አዳም የተከልኩበት ትልቅ ማሰሮ አለ። አፈሩ አዲስ ተቆፍሮ ነበር።

ባሌ ለእናቱ በስልክ ነገራቸው። በማግስቱ ጠዋት አማቴ ብቻቸውን ከዘ ሄግ በባቡር፣ ከሮተርዳም በሜትሮ መጡ። ያለ ልጃቸው መኪና የትም የማይሄዱ ሴትዮ ናቸው። ለጩኸቱ ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልሱንም ማታ ስሰካካው አድሬያለሁ። አልጮሁም። ልጁን አስጠግተው ራሱን አዩት፣ ቁንጮዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆዩ።

“እኛም ስንላጭ እንደዚህ ነው የምንተወው” አሉ በሆላንድኛ፣ ቀስ ብለው። “የት ነው ያለው?”

በረንዳው ላይ ጋዜጣ አነጠፍንላቸው። ማሰሮውን ገለበጡና በማንኪያና በጣታቸው አፈሩን እየበተኑ ፀጉሩን መልቀም ጀመሩ። ከሥሩ ጋር ተጠላልፏል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና መጥታ ከጎናቸው ተንበረከከች፤ እሷም መልቀም ጀመረች። ሁለቱ ሴቶች አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ እስከ ምሳ ድረስ አፈር ሲያበጥሩ ዋሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኔ እናት ግን ያልቸኮለች ሴት ናት፣ ያፈሰሰችውም በፍቅር ነው። አማቴ የለቀሙትን በፍሪጅ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሲሄዱ እስከ አሳንሰሩ ሸኘኋቸው። በመስከረም አንሄድም አሉኝ። ካህናቸውን ጠይቀዋል፤ ፀጉሩ እንደገና እስኪያድግ ይጠበቅ ብሏል፣ ባዶ ራስ ይዞ እናት ፊት አይቀረብም።

“ባይደርስስ?” አልኳቸው። በንዴት ነው የጠየቅኳቸው። “ስለቱ ቢቀር ምን ይመጣል?”

“የሰጠችውን ትወስዳለች” አሉ። ልጄን ማለታቸው ነው። አሳንሰሩ መጣና ገቡ።

አላምንበትም ነበር። ነገር ግን ያንን የመሰለ ነገር አንዴ ከተነገረ ማመን አለማመን አይጠይቅም፤ ልጁ ባሳለው ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ ይመጣል። ሴትዮዋን የጠላኋቸውን ያህል ማንንም የጠላሁበት ጊዜ የለም። እንዲሞቱ ግን አልፈለግሁም። እሳቸው ከሞቱ “በእግሬ” ያሉትን ተራራ ማን ይወጣዋል?

የፈሩት ይደርሳል። ፀጉሩን ስንጠብቅ፣ መስከረም ካለፈ በኋላ፣ በብርዱ ወራት ስኳሩ ኩላሊታቸውን ጨረሰው። በሳምንት ሦስት ቀን ዘ ሄግ ሆስፒታል እየሄዱ ደማቸውን በማሽን ማሳጠብ ጀመሩ። ያ ሩዝ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰውነት አበጠ፣ ከዚያም ከሰለ። ውኃ እንደ ልብ መጠጣት ተከለከሉ። ልጁን ይዤላቸው ስሄድ በእጃቸው ያሉት ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች ያስፈሩትና እኔ ሥር ይደበቃል። እሳቸው ስለ ራሳቸው አንድ ነገር አይሉም። “ፀጉሩ የት ደረሰ?” ነው የሚሉኝ። እኔም ልጁን አዙሬ አሳያቸዋለሁ፤ ጆሮው ላይ ደርሷል፣ አንገቱ ላይ ደርሷል። ፀጉሩ ባደገ ቁጥር እሳቸው ያንሳሉ።

ሐኪሙ መሄድ ይችላሉ አላቸው፤ ከተራራው በታች ባለው ከተማ ደም የሚያጥብ ሆስፒታል ተገኝቷል። መውጣት ግን አይቻልም፤ ልባቸው አይችልም። አማቴ ሆላንድኛ እንደማያውቅ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ባሌ ትኬት ሲቆርጥ እኔም እሄዳለሁ አልኩት። እሱ የሚያውቀው ኮምፒውተር ነው፤ እናቱ ዓይኑ እያየ ቢሞቱ የተኙ ነው የሚመስለው። የንስሐ አባቴን አላማከርኩም፣ መልሱን ስለማውቀው።

ተራራውን መውጣት የጀመርነው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። መንገዱ የተነጠፈ ነው፣ ሰፊ ነው፣ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይሄዳል። ሰዉ እናትን እያሞገሰ በጩኸት ይወጣል፤ ፈረሶች ይወጣሉ፤ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎችን አራት አራት ሆነው የተሸከሙ ሰዎች እየሮጡ ያልፋሉ። መንገዱ የፈረስ ፋንድያና የተጠበሰ ዘይት ይሸታል። አማቴ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ይሄዳሉ። ህንድን ካዩ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላዩም።

ተሸካሚዎቹ እያስቆሙ ይለምኑናል። እኔም ለመንኳቸው።

“ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፣ ተሸክመው ያወጡዎታል።”

“በእግሬ ነው ያልኩት።”

“አምላክ ከሆነች እግርዎ እንዳበጠ ታያለች።”

“አምላክ ስለሆነች ነው የማላታልላት” አሉ።

ፀሐዩ ወጣ። አፋቸው ደረቀ፤ ውኃ እንደ ልባቸው መጠጣት አይችሉም፣ መሐረብ አርጥበን ከንፈራቸውን እናብሳለን። ከመንገዱ እኩሌታ ያልዘለለ ቦታ ላይ፣ አንዲት የሻይ መሸጫ አጠገብ፣ ቆሙ። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ጆሮዬን ወደ ደረታቸው ሳስጠጋ ውስጡ የሚፈላ ውኃ ይመስላል። ያንን ድምፅ ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ለባሌ አንድ መታጠፊያ እንኳ ቢጨምሩ ይሞታሉ አልኩት። ባሌ ማልቀስ ጀመረ። “አንቺ ንገሪያት” አለኝ። እንደተለመደው።

አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸውና ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አልኩ።

“ከዚህ በኋላ አንድ እርምጃ አይሄዱም። የቀረውን እኔ እወጣልዎታለሁ።”

ዓይናቸውን ከፍተው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። “አንቺ በእሷ ታምኛለሽ?”

“አላምንም።”

“ታዲያ?”

“እግሬ ጤነኛ ነው” አልኩ።

ምን እንዳሰቡ አላውቅም። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያንን የፍሪጅ ከረጢት አወጡ። ፀጉሩ አሁንም የበረንዳዬ አፈር አለበት። እጄ ውስጥ አድርገው ጣቶቼን በጣቶቻቸው ዘጉ። “ፈረስ ላይ አትቀመጪ። ልጁንም ለማንም አትስጪ” አሉኝ። ጫማዬን አወለቅሁ።

ልጁ እስኪደክመው ሄደ፤ ከዚያ በኋላ እናቴ ትታልኝ በሄደችው ነጠላ አዘልኩት። አራት ዓመት የሞላው ልጅ ከባድ ነው። ድንጋዩ ሞቋል። ጥቁር ሴት፣ ልጅ አዝላ ስትወጣ ያዩ ሰዎች ቆመው ያዩኛል፤ አንዷ ሴትዮ ከኋላዬ መጥታ ወገቤን እየገፋች ረዳችኝ። ተንኮል የለኝም፣ እውነቱን ልናገር፦ የመንገዱን ግማሽ አማቴን እየረገምኩ ነው የወጣሁት። ቀሪውን ግማሽ እንዳይሞቱ እየለመንኩ። የለመንኩት ማርያምን ነው፤ ሌላ የምለምነው አላውቅም።

ወደ ዋሻው በሚያስገባው በር ላይ ያለችው ፈታሽ የአንገቴን ማተብ በጣቷ አንስታ አየችውና መልሳ ለቀቀችው። ከዋሻው በታች ፀጉር የሚላጩ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱ ሽማግሌ ልጄን ጭኑ መካከል አስገብቶ ራሱን በውኃ አራሰው። ልጄ አላለቀሰም፣ እጄን ብቻ አጥብቆ ያዘ። ፀጉሩ ሲረግፍ ከረጢቱን ከፍቼ ለሽማግሌው ሰጠሁት። የመጀመሪያው ይህ ነው፣ ያኛው ሁለተኛው ነው፣ እናቴ ሳታውቅ ነው፣ አማቴ ታች ናቸው፤ ይህን ሁሉ በእጄ ላስረዳ ሞከርኩ። ሽማግሌው አፈሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ትከሻውን ነቀነቀና ሁለቱንም ፀጉር የሰው ሁሉ ፀጉር ወደሚጣልበት ቅርጫት ወረወረው። ያ ሁሉ ዓመት በዚያ ቅርጫት ውስጥ ገባ።

ዋሻው ጠባብ ነው፣ እርጥብ ነው። ውስጡ ነብርም ሥዕልም አላየሁም፤ ድንጋይ፣ ጨርቅና አበባ ነው። ገፍተው ፊቷ አቆሙኝ። በአማርኛ፣ “እግሩ የእኔ ነው፣ ስለቱ የሳቸው ነው። ልጄን ልቀቂው” አልኳት። ገፍተው አወጡኝ።

ስንወርድ አማቴ አግዳሚው ላይ ጋደም ብለው ባሌ ራሳቸውን ጭኑ ላይ ይዟል። ልጁ ሮጦ ራሱን ዝቅ አደረገላቸው። “አጂ፣ እዪኝ” አላቸው። መዳፋቸውን በተላጨው ራስ ላይ አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“ፈረስ?”

“አልተቀመጥኩም።”

እግሬን አዩት፤ ቆስሏል። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሳይገባኝ ከአግዳሚው ወረዱና ሁለት እግሮቼን በእጃቸው ነክተው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። አማት የምራቷን እግር! ባሌ ሳይቀር ደነገጠ። እኔ ደግሞ ማምለጫ ስላልነበረኝ ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። በዚህኛው ጊዜ እግራቸውን አልሰበሰቡም።

ለመውረጃ የተሸካሚዎቹን ወንበር ራሳቸው ጠሩ። “መውረዱ ስለቱ ውስጥ የለም” አሉ። ይህ ሲቀልዱ የሰማሁት የመጀመሪያና የመጨረሻ ጊዜ ነው።

በማግስቱ፣ ከተማው ሆስፒታል ውስጥ፣ ማሽኑ ላይ እንዳሉ ልባቸው ቆመ። ደማቸው ገና ቱቦው ውስጥ ይዞር ነበር። ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። እንደ ሃይማኖታቸው አስከሬናቸው እዚያው አገር፣ ወንዝ ዳር ተቃጠለ። ባሌ በልማዳቸው ራሱን ተላጨ። አባትና ልጅ ራሳቸውን ተላጭተው አጠገቤ አውሮፕላን ውስጥ ተቀመጡ፤ አንዱ ወንበር ባዶ ነው። አምስተርዳም፣ ስኪፖል ስንደርስ አንድ ወጣት ሠራተኛ የአውሮፕላኑ በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ ይጠብቃል፤ ለእሳቸው የታዘዘው ነው፣ ማንም አልሰረዘውም። አይመጡም አልኩት። ልጁ ባዶውን ወንበር እየገፋ ከፊታችን ሄደ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። መርዶውን ስነግራት አለቀሰች። ከዚያ፣ “ስለታቸው ደረሰ?” አለችኝ።

“ደርሷል።”

“በእግራቸው?”

“በእኔ እግር።”

ሒሳቡን እያሰበች እንደሆነ ገባኝ። “ያን ጊዜ እኔ ባልላጨው ኖሮ” አለች፣ “በመስከረም በራሳቸው እግር ይወጡ ነበር፣ አይደል?” አይደለም ልላት ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እናቴም ዝምታዬን ታውቃለች። ድምፅዋ ሌላ ሆኖ፣ “ምላጩን መታጠቢያ ቤት ትቼልሽ ነው የሄድኩት። ለእናትሽ የምታደርጊውን አድርጊላቸው” አለችኝ።

በአገራችን እናት ስትሞት ሴት ልጅ ፀጉሯን ትላጫለች። ምላጩ እውነትም መደርደሪያው ጥግ ላይ ነበር። የፊቱን ራሴ ላጨሁ፤ የኋላውን ባሌ ላጨኝ።

ዘ ሄግ ለተዝካራቸው ስንሄድ አዳራሹ ነጭ በለበሱ ሴቶች ሞልቷል። ሻርፔን አወለቅሁ። በእነሱ ዘንድ የሚላጨው ወንድ ነው፤ ሴት ራሷን አትነካም። አንዷ አክስት ባሌን ታማለች እንዴ ብላ ጠየቀችው። ሌላዋ መጥፎ ምልክት ነው ብላ ፊቷን አዞረች። በሰርጌ ቀን የሳቁት እነዚህ ናቸው። ባሌ፣ ያ ሰላም ወዳዱ ባሌ፣ ተነሳና ጮክ ብሎ፣ “በአገሯ ለእናት እንዲህ ነው የሚታዘነው” አለ።

ልጄ ጭኔ ላይ ወጣ። አንድ እጁን የእኔ ራስ ላይ፣ አንድ እጁን የራሱ ራስ ላይ አደረገ፤ የእሱ ትንሽ ትንሽ ማቆጥቆጥ ጀምሯል።

“እማዬ” አለኝ በሆላንድኛ፣ “አሁን ፀጉሬ የእኔ ነው?”

“አዎ፣ ያንተ ነው።”

“ያንቺስ?”

“የእኔ” አልኩት፣ “የአጂህ ነው።”